ነጯ መኪና ከግቢያችን እንዴት ወጣች

ተረት ተረት፣ የመኪና በረት። በረቱ የኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነው፤ ለስድስት መኪና በተሠራ ቦታ አሥራ አንድ ያድርበታል። ስለዚህ አንድ ሕግ ነበረን። ሰው መኪና ፊት የሚያቆም ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፤ የቸኮለ ገፋ አድርጎት ይወጣል። ይህን የመሰለ ሕግ ያፈረሱት ጋሽ ደምሰው ናቸው።

ጋሽ ደምሰው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ስለ መኪና የማይሉት የለም። "ሞተሩን ሳትሰማ ቀለሙን አይተህ አትግዛ" ይላሉ። "ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም" ይላሉ። በቀደም የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ደግሞ ብድግ ብለው፣ "የእጅ ፍሬኑ ያልተያዘ መኪና አሳዳጊ የበደለው ነው" አሉ። መኪናው አሳዳጊ የበደለው እንዲባልበት ማን ይወዳል? ሁላችንም ፍሬናችንን ያዝን።

እሑድ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ለብሰው ወረዱ። የእህታቸው የልጅ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና እናቷ እሳቸው ናቸው። ከውኃው ስትወጣ የሚቀበላት ሌላ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ ለታክሲ ቢደውሉ "መንገዱ ጭቃ ነው" ብሎ እምቢ አላቸው። እንግዲህ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባላቸው ነጭ መኪና ከግቢ ትውጣላቸው።

ነጯ ፊት ግን ሚኒባስ ቆሟል። ጋሽ ደምሰው በትከሻቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱን ከድርን ጠሩት።

"አንተ፣ ፍሬኑን ለምን ያዝከው?"

"እርስዎ አይደሉ ያስያዙኝ ጋሼ? አሁንስ ብለቀው የት ላድርሰው? ፒካፑ ፊቴ ተገትሯል።"

ነጯ አትወጣም፤ ሚኒባሱ ዘግቷታል። ሚኒባሱ አይወጣም፤ ፒካፑ ዘግቶታል። ሕፃኗ ደግሞ ክርስትና እናቷን ትጠብቃለች።

ፒካፑ የመምህር ወንድይፍራው ነው። መምህሩ በነጠላ ጫማ ወረደና ሞተሩን አስነሥቶ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉት ጋሽ ደምሰው።

"እንዲሞቅ ነዋ። ቀዝቃዛ ሞተር መንዳት ሰውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንደ ማስሮጥ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"ዛሬ ይቅርብህ።"

"ካሉ ይቅር። ግን የሲስተር ፍሬሕይወት መኪና በሩ ላይ ናት።"

ነጯ አትወጣም፤ ሚኒባሱ ዘግቷታል። ሚኒባሱ አይወጣም፤ ፒካፑ ዘግቶታል። ፒካፑ አይወጣም፤ የሲስተር መኪና ዘግታዋለች። ሕፃኗ ደግሞ ክርስትና እናቷን ትጠብቃለች። እትዬ ዘነበች ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ሆኜ አያለሁ።

የሲስተር መኪና ኤሌክትሪክ ናት፤ ግቢያችን ከገባች ሦስት ወሯ ነው። በገባች ዕለት ጋሽ ደምሰው ዞር ዞር ብለው አይተዋት፣ "ይቺ መኪና አይደለችም፤ ጎማ ያለው ስልክ ናት" ብለዋል። ሁላችንም ስቀናል፤ እኔም ስቄአለሁ።

"ሲስተር፣ መኪናሽን ፈቀቅ አድርጊልን" አሉ አሁን፣ ቁልፏን ይዛ ስትወርድ።

"የቷን መኪና ጋሼ? እኔ እንኳ ያለኝ ጎማ ያለው ስልክ ነው።"

እንግዲህ ነጯ አትወጣም፤ ሚኒባሱ ዘግቷታል። ሚኒባሱ አይወጣም፤ ፒካፑ ዘግቶታል። ፒካፑ አይወጣም፤ ስልኩ ዘግቶታል። ስልኩ አይነሣም፤ ባለቤቱ ተቀይማለች። ሕፃኗ ደግሞ ክርስትና እናቷን ትጠብቃለች።

"ስንት ዓመት አውቶቡስ ተጋፍቼ ነው የገዛኋት" አለች ሲስተር። "እንዲያውም የርስዎን ምርቃት ነበር የጠበቅኩት። መኪና ያውቃሉ ብዬ።"

ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ዘነበች፣ "ደምሰው፣ ልጅቷ እውነቷን ነው" አሏቸው። ሽማግሌው ሄደው እጃቸውን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳረፉ።

"መኪና ናት" አሉ።

"አልሰማንም ጋሼ" አለ ከድር፤ ነገረኛ ነው።

"መኪና ናት አልኩ። ሳልነዳት መናገር አልነበረብኝም። እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፤ ሠላሳ ዓመት በደህና አሽከርክሪያት።"

የሲስተር ዓይን እንባ አቀረረ። "አሜን" ብላ ገባች፤ ፍሬኗን ለቀቀች። ሲስተር ፍሬኗን ስትለቅ መኪናዋ ወጣች። መኪናዋ ስትወጣ ፒካፑ ወጣ። ፒካፑ ሲወጣ ሚኒባሱ ወጣ። ሚኒባሱ ሲወጣ ነጯ ወጣች፤ እትዬ ዘነበች ጋቢና ተቀምጠው። ነጯ ጭቃውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ወጣችው፤ ሕፃኗም ከውኃው ስትወጣ ክርስትና እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ደረሱ። ወለተ ሥላሴ ተባለች።

አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ክፍት ቦታ የነበረው የሲስተር መኪና ፊት ብቻ ነው። ጋሽ ደምሰው አቆሙ፣ ወረዱ፣ በሩን ዘጉ፣ ትንሽ ቆመው አሰቡ። ከዚያ በሩን መልሰው ከፈቱና ማርሹን ዜሮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። ነጯን በአንድ እጃቸው ገፋ ሲያደርጓት እሺ ብላ ተንቀሳቀሰች።

"ሲስተር!" ብለው ወደ ላይ ተጣሩ። "ጠዋት ስትወጪ ገፋ አድርጊያት። ደግሞ ፈቃድሽ ከሆነ ያንቺን አንድ ዙር ልንዳት።"

ተረቴን መልሱ፤ ፍሬን መልቀቅ እንዳትረሱ።