የመውጫው ጥሪ

በዚያ ጫካ ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ሥጋ በሎች ከወንዙ ላይኛው በኩል ይጠጣሉ፤ ሣር በሎች ደግሞ ከታች ሆነው እነዚያ ያደፈረሱትን ይጠጣሉ። ግርማዊ አንበሳ ዓለታቸው ላይ ተጋድመው ሰላም የሚባለው ይህ መሆኑን በየዓመቱ ያውጃሉ። ትምህርትም አልቀረም። የየወገኑ ልጆች ለየብቻ እየተሰበሰቡ የግርማዊነታቸውን የዘር ሐረግ እስከ አሥራ አራተኛው ቅድመ አያት ድረስ በቃላቸው ያጠናሉ። ጅብ በመጣ ቀን ግን ሐረጉን የጨረሰውም ያልጨረሰውም ከመበላት አልዳነም።

አንድ ቀን መምህር ጉሬዛ ነጭ ካባቸውን አራግፈው ከዓለቱ ሥር ቀረቡ።

«ግርማዊ ሆይ፣ አንድ ትምህርት ቤት ራሳችን እናቋቁም። የሕዝብ ይሆናል፤ የማንም ልጅ ይገባበታል፤ ቦታ ከጠበበ በዕጣ እንለያለን። አስተማማሩን ብቻ ለእኛ ይተዉልን» አሉ።

አንበሳ በልተው የጠገቡበት ሰዓት ስለነበር ፈቀዱ። ቻርተር ተጻፈ። ትምህርት ቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ውጤቱን በአደባባይ እንዲያሳይ፣ ካላሳየ እንዲዘጋ ተደነገገ። ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ ነበር። በሹመቱ ላይ አስተያየት የሰጠ የለም።

መምህሩ ያሰቡት ነገር ቀላል ነበር። እስከዚያ ድረስ ድኩላ የሚያውቀው የድኩላን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ብቻ ነው። ሽኮኮ ነብር አይቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢጮህ ከሥሩ የሚግጠው ድኩላ ቀና ብሎ አያይም። አሁን ልጆቹ ከትልቁ ግራር ሥር ተደባልቀው ተቀመጡና አንዱ የሌላውን ድምፅ ተማረ። በመጨረሻም ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥሪ ወጣ፤ አደጋ ካለፈ በኋላ ልጆቹን ከተደበቁበት የሚያስወጣ፣ ሁለት አጭርና አንድ ረዥም ድምፅ። የመውጫው ጥሪ አሉት። መምህራኑ ሥጋ በል በሚሰማበት ቦታ ይህን ጥሪ ላለመጥራት ማሉ።

ለነገሩ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነበር። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከግራሩ ሥር አንድ ልጅ አልጎደለም። እንዲህ ያለ ነገር በጫካው ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም።

ይህን ደጅ ለደጅ እየዞረች የምትናገረው እመት ጅግራ ነበረች። ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ይልቅ ግን ማውራቱ ይሆንላታል። ስትናገር ላባዋ ይነፋል፣ አንገቷ ይረዝማል፣ የሚሰማት ሲያጨበጭብላት ደግሞ መሬት አይበቃትም። በዚህ ትታማ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረችም። ልጅ ሲተርፍ ከልቧ ደስ ይላታል።

አንዲት ሚዳቋ ብቻ እንቢ ብላ አስቸገረቻት። ያለቻት አንዲት ልጅ ብርቄ ናት፤ ከዓይኗ አታርቃትም።

«እትዬ ጅግራ፣ ይቅርብኝ። እኔው አጠገቤ አድርጌ አሳድጋታለሁ» አለቻት።

«አጠገብሽ ሆና ያንቺን ድምፅ ብቻ ነው የምትሰማው። አንቺ ባታይ ሽኮኮ ያያል፤ ሽኮኮ ባያይ ጦጣ ታያለች። እኔ አለሁላት ስልሽ!»

«እርስዎ አሉላት?»

«አለሁላት አልኩሽ እኮ!»

ብርቄ ዕጣ ወጣላትና ገባች። ጆሮዋ የሚገርም ነበር። ሌሎቹ በወር የሚለዩትን ጥሪ በሳምንት ለየች፤ ስትጠራም ከሁሉ ቀድማ ትገኛለች።

ሦስተኛው ዓመት አለቀና የትምህርት ቤቱ በዓል ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ግርማዊ አንበሳ መጡ፣ አያ ጅቦ ከጎናቸው ተቀመጠ። ልጆቹ የየወገኑን ድምፅ እየሰሙ ወዲያው ወዲያው እየሮጡ ተሸሸጉ፤ በአንድ ጊዜ ሜዳው ላይ አንድ ጭራ እንኳ አይታይም። ወላጆች በደስታ ጮኹ።

«ግሩም ነው» አሉ አንበሳ። «ሲመለሱስ?»

መምህር ጉሬዛ ጎንበስ ብለው፣ «ቆይተው ራሳቸው ይወጣሉ፣ ግርማዊ ሆይ» አሉ።

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቻርተሩ ውጤቱ በአደባባይ ይታይ ነው የሚለው። እንግዲህ ግማሹን አየን። በግማሽ ውጤት ቻርተር እንዴት እንደሚታደስ እኔ አላውቅም።»

መምህሩ ዝም አሉ። ጅግራ መምህሩን አየች፣ አንበሳን አየች፣ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀውን ሕዝብ አየች። ሦስት ዓመት የደከሙበት ነገር በአንድ ዝምታ ሊበላሽ ነው አለች በልቧ። ያን ሁሉ ዓይን እያየች ዝም ማለትም አልቻለችም። አንገቷን አስረዝማ ጠራች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም።

ልጆቹ ከየቁጥቋጦው ብቅ ብቅ አሉ፤ ብርቄ ከፊት። ያን ያህል ጭብጨባ ጅግራ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ሚዳቋም ከኋላ ሆና እጇ እስኪዝል አጨበጨበች። ቻርተሩ እዚያው ለስድስት ዓመት ታደሰ። አያ ጅቦ አላጨበጨበም፤ ጆሮውን አቁሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጅግራ ወንዙ ዳር ጭቃ እየጫረች ሳለ ጥሪው ተሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። የመምህሩ አይደለም፤ የሷው አጠራር ነበር፣ መጨረሻው ላይ ወፈር ማለቱ ብቻ ለየት አደረገው። ብርቄ ከሸምበቆው ውስጥ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወጣች፤ እንደተማረችው ከሁሉ ቀድማ። ጅግራ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ነገሩ አልቆ ነበር።

ጉባኤ ተጠራ። የምርመራውን ውጤት ያነበበው አያ ጅቦ ነው። ጠግቦ ስለነበር ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ተማሪዋ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ከመውጫው ጥሪ ጋር አደባልቃለች። ጥፋቱ የሷ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። የለም፣ የጥሪው ነው የሚል ካለ ግን አደገኛ ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል ማለት ነው፤ ከነገ ጀምሮ ግራሩ ሥር ማንም አይቀመጥም። በሰዓቱ እዚያ የነበረችው እመት ጅግራ ናት። እስቲ ትናገር።»

ጅግራ ከግራሩ ሥር የተኮለኮሉትን ልጆች አየች። አርባ ሦስት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እነዚህ በየተራ እንደሚያልቁ ታውቃለች። በበዓሉ ቀን የጠራሁት እኔ ነኝ ብትል ምን እንደምትባልም ታውቃለች። የቱ ፍርሃት እንደበለጠባት እሷም ለይታ መናገር አትችልም።

«ብርቄ... ትንሽ ልቧ ይባክን ነበር» አለች። «ጥሪ ታደባልቅ ነበር።»

መምህር ጉሬዛ ራሳቸውን ደፍተው ቀሩ። እሳቸውም ግራሩን ይወዱት ነበር። በማግስቱ የመውጫውን ጥሪ በሌላ ለወጡት። ለምን ተለወጠ ብሎ የጠየቀ አንድም ወላጅ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱም ቀጠለ፣ እንዲያውም ስሙ ገነነ። ሌላ ልጅ አልጎደለም። ጅግራ ግን ምግብ አልወርድ አላት። ደጅ ለደጅ መዞሯን አልተወችም፣ በሚዳቋ ቤት በኩል ግን ማለፍ ፈራች፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም በጉድባው ዞራ ትሄድ ነበር። ያያት ሁሉ «ምነው ከሳሽ?» ሲላት «ሥራው ነው» ትላለች፤ የጠየቋትም ይህችን ታታሪ ወፍ ያመሰግናሉ። ምስጋናው ደግሞ ከስድብ ይልቅ አንጀቷን ይቆርጠው ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት በዓል ደረሰ። ዕጣ የሚያወጡ ወላጆች ከማለዳ ጀምሮ ተሰለፉ። ጅግራ ንግግር ልታደርግ ሜዳው ዳር ወዳለው ዓለት ስትሄድ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት እናት ብቅ አለች። ሚዳቋ ናት። እግሯ ሥር ገና የሚንቀጠቀጥ ግልገል ቆሟል።

«እትዬ ጅግራ፣ ባለፈው እርስዎ ነበሩ ደጄ የመጡት። ዘንድሮ እኔ መጣሁ። ምትኩ እለዋለሁ።»

ጅግራ ዓይኗን ከግልገሉ ላይ አነሳች።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። ዕጣው ከወጣለት ከጀማሪዎቹ ጋር ሁለት ዓመት ያቆዩልኝ። ቤተሰባችን ትንሽ ዘገምተኛ ነው መሰለኝ። እህቱም...» አለችና ግልገሉን ወደ ራሷ አስጠጋች። «ብርቄን ያረገዝኩ ጊዜ አንድ ቀን ክፉኛ ደንግጬ ነበር። ከዚያ ይሆናል እላለሁ። ስታደባልቅ እኔ እናቷ ሳላውቅ መቅረቴ ነው የሚያቃጥለኝ። እርስዎስ ደክመውባት ነበር።»

«አንቺ ሴት፣ ተይ» አለች ጅግራ። ወዲያው አዋጅ ነጋሪው ስሟን ጠራ።

ዓለቱ ላይ ወጣች። አንበሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴያቸውን ይጠብቃሉ። አያ ጅቦ ከፊት ተቀምጦ በትሕትና ራሱን ነቀነቀላት። ሕዝቡ ለማጨብጨብ ተዘጋጅቷል። ጅግራ የዓመቱን ንግግር በቃሏ ይዛው ነበር፤ መጀመሪያው ላይ «የጫካችን ኩራት» የሚል ነበረበት።

«ይህ ትምህርት ቤት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው» ብላ ጀመረች። ጭብጨባ ሆነ። እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ጥሩ መሆኑን የማውቀው በብርቄ ነው። የሚዳቋ ልጅ አልተሳሳተችም። አንድም ጥሪ አደባልቃ አታውቅም። የመውጫው ጥሪ ተጠራ፤ እሷም እንዳስተማርናት ወጣች። የጠራው ተማሪ አልነበረም፣ መምህርም አልነበረም። ጥሪውን ከማን እንደሰማው ከጠየቃችሁኝ ከእኔ ነው። ላለመጥራት ምዬ ነበር። እዚሁ ሜዳ ላይ ለጭብጨባ ብዬ ጠራሁት። ከዚያም ጥፋቱን በልጅቷ ላይ ላከክሁ።»

አንድ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ግርማዊ አንበሳ ዓይናቸውን ገለጡ። ቻርተሩ ተጠቅልሎ መዳፋቸው ሥር ነበር፤ መዳፋቸውን ጫን አደረጉበት። አያ ጅቦ ወደ ሰማይ አየ፤ የሚታይ ደመና እንኳ አልነበረም። ወላጆቹ አቀረቀሩ፤ ከመካከላቸው ይህ አዲስ የሆነበት ማን እንደነበረ ለማወቅ የሚቻል አልነበረም። መምህር ጉሬዛ ብቻ ቀስ ብለው ከቅርንጫፋቸው ወርደው ከጅግራ ጎን ቆሙ።

ሚዳቋ ግልገሏን እያስከተለች ሰልፉን ሰንጥቃ ወደ ፊት መጣች። ከአያ ጅቦ አጠገብ ስታልፍ እንኳ አላየችውም። ጅግራ ስድብ ትጠብቅ ነበር፤ ስድቡን ትፈልገውም ነበር። ሚዳቋ ከዓለቱ ሥር ቆማ ቀና አለች።

«እትዬ ጅግራ፣ አልተሳሳተችም ያሉትን ይድገሙልኝ» አለች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ጅግራም ደገመችው።