ከጭልፊት ጋር የታሰረችው ጅግራ

ተረት ላውራላችሁ? «አውራልን» በሉኝና ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚሟገትበት ዘመን፣ አንዲት ጅግራ ቁጥቋጦ ሥር ሰባት እንቁላል ጥላ ታቀፈች። በማግስቱ ውሃ ጠጥታ ስትመለስ ጭልፊት እንቁላሎቿ ላይ ተንሰራፍታ አገኘቻት።

«ምነው እሜቴ፣ ቤት ተሳሳትሽ?»

«የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። እንቁላሎቹ የኔ ናቸው» አለች ጭልፊት።

ጭልፊት እንቁላል አይጥማትም። የምትወደው ጫጩት ነው። እስኪፈለፈሉ ድረስ እናት መባል ብቻ ነበር የፈለገችው።

ጅግራ እየጮኸች ዳኛው ዝንጀሮ ዘንድ ሄደች። በዚያ አገር ወግ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ዝንጀሮም ቁጥቋጦው ድረስ መጥቶ የጅግራን እግር ከጭልፊት እግር ጋር በጠፍር አሰረ።

«ጌታዬ፣ የተበደልኩት እኔ፣ የታሰርኩትም እኔ?»

«ወጉ ነው። በሳምንቱ እመጣለሁ» አለና ሄደ።

ጅግራ በጠፍሩ ተናደደች። «አንተስ አታፍርም? ሌባዋን ብቻ ብታስር ምን ነበረበት?»

«እኔ ቆዳ ነኝ እሜቴ። የማውቀው መጥበቅ ነው» አላት ጠፍሩ።

ጭልፊት በአንድ ቀን ማቀፍ ሰለቻት። «ጉልበቴን ያመኛል፣ አንቺ አሙቂያቸው» ብላ አጠገቧ ተጋደመች። ጅግራ የገዛ ልጆቿን ለሌባ አሞቀች።

በሳምንቱ ዝንጀሮ መጣ። ጅግራ ኤሊን ለምስክርነት ጠራች።

«እማማ ኤሊ፣ ስትቀማኝ አይተዋል። ይናገሩ!»

«ልጄ፣ ያን ሰዓት አንገቴን ሰብስቤ ነበር።»

«የሰበሰቡት እኮ ካዩ በኋላ ነው!»

ኤሊ አሁንም አንገቷን ሰበሰበች። «ምስክር የለም። በሳምንቱ» አለ ዝንጀሮ።

በሁለተኛው ሳምንት ዝንጀሮ አፉን በማሽላ ሞልቶ መጣ።

«ጌታዬ፣ ጭልፊት ዛፍ ላይ እንጂ መሬት ላይ ስትጥል ማን አይቷል? ይህን ሕፃን ያውቀዋል!»

«እሱ ይጠናል» አለ እያላመጠ። «በሳምንቱ።»

ጎረቤቷ ሽኮኮ ከቁጥቋጦው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ሆኖ አዘነላት። «እህቴ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው። እሱ በጊዜው ይፈርዳል።»

ጅግራ ላባዋ ቆመ። «ለእግዚአብሔርማ የሰጠሁት በመጀመሪያው ቀን ነው! አንተ ግን ከዚያች ድንጋይ ላይ ሆነህ ሁሉን አይተሃል። ስሙን የምትጠራው እኔን ለማጽናናት ነው ወይስ ከምስክርነት ለመሸሽ?»

ሽኮኮ የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

ጅግራ ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን እንኳ አይደለም፤ ሌባዋ አጠገቧ ታንኮራፋለች። «ጌታ ሆይ፣ በጊዜህ አምናለሁ» አለች። «ግን ጊዜህ እነዚህ ከሚፈለፈሉበት ሰዓት ካለፈ ልጆቼ ይበላሉ። እየነገርኩህ ነው፤ አልሰማሁም እንዳትል።» ተቆጥታ ጸለየች፤ ጸልያም አቀፈች።

በሦስተኛው ሳምንት የጭልፊት ወንድም ለዳኛው ሙሉ የማር እንጀራ አደረሰ። ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ጅግራ ከሆዷ ሥር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ክንፏን ዘርግታ ከጭልፊት ዓይን ሸፈነቻቸው። ረፋዱ ላይ ዝንጀሮ ከንፈሩን እየላሰ መጣ።

«መርምሬያለሁ። እንቁላሎቹ የጭልፊት—»

«የትኞቹ እንቁላሎች?» አለች ጅግራ፤ ብድግም አለች።

ሰባት ጫጩቶች በእግራቸው ቆመዋል። «እማዬ!» አሉ ወደ ጅግራ ዞረው። ጭልፊት ዘላ ተወረወረች። ጅግራ ግን በነጻው እግሯ የቁጥቋጦውን ሥር ጨምድዳ ያዘች፤ ጠፍሩ ተወጠረ፤ ጭልፊት በአፍጢሟ ተደፋች።

«ልቀቀኝ አንተ ቆዳ!»

«ፍርዱ መቼ አለቀ?» አለ ጠፍሩ።

«ልጆቼ፣ ሩጡ!» አለች ጅግራ። ሰባቱም ሮጠው ሣር ውስጥ ገቡ። የጭልፊት ልጅ ቢሆን ጎጆው ውስጥ አፉን ከፍቶ ወር ይቀመጥ ነበር። ኤሊም አየች፣ ሽኮኮም አየ። አሁን ሁሉም ምስክር ነኝ አለ።

ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጅግራ ናቸው ብዬ ፈርጃለሁ» አለና ጠፍሩን ፈታ። ጭልፊት አፍራ በረረች። ዝንጀሮ ግን ደረቱን ነፋ። «አየሽ ጅግራ? ቶሎ ፈርጄ ፈትቻችሁ ቢሆን ኖሮ ጭልፊትን ማን ይይዝልሽ ነበር? እግዚአብሔር በኔ ቀጠሮ ሠራ። ምስጋናዬ የታለ?»

እስከዚያች ቀን አንቱ ስትለው የኖረችው ጅግራ ቀና ብላ አየችው።

«እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ ከሆዴ ሥር ዓይን ሲሠራ፣ እግር ሲሠራ ነበር። አንተ ምን ስትሠራ ነበር?»

ጅግራ ልጆቿን ጠርታ ሄደች።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። የእግዚአብሔር ጊዜ አይዘገይም፤ የሚዘገየው የዳኛ ፍርድና የጎረቤት ምስክርነት ነው። የተበደለውን «ጠብቅ» ከማለታችሁ በፊት ያያችሁትን ተናገሩ።