ደብሪቱ አህያ ራሷን ምሳ የጋበዘች ቅዳሜ

ተረቴ መጥታለች፤ ደጅ ቆማ «ልግባ ወይ?» እያለች ነው። በሉ «ግቢ!» በሏት። ድምፃችሁ ምነው እንደ ታመመ ሰው? ጮክ በሉ እንጂ! «ግቢ!» አዎ፣ እንዲህ ነው የኔ ጌቶች!

ድሮ ድሮ፣ ፍየል ቀሚስ በምትለብስበት፣ ጠፍር አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል አህያ ነበረች። ደብሪቱ ጨው ጫኝ ናት። ከቆላ ትጭናለች፣ ደጋ ታወጣለች። ከቆላ ትጭናለች፣ ደጋ ታወጣለች። ኑሮዋ ይኸው ነው። ዓይኗ ጉልህ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ልቧ ቅቤ! የታመመ ትጠይቃለች፣ የደከመውን ሸክም ትቀበላለች፣ ያዘነውን «አይዞህ» ትላለች። ለሌላው እንዲህ ናት። ለራሷ ሲሆን ግን፣ ኧረ ወዲያ! ጠላት እንኳ እንደዚያ አይጨክንም።

ለምን ብትሉኝ፣ መጫኛ ነበራታ! መጫኛ ታውቃላችሁ አይደል? ጭነት የሚታሰርበት፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ረጅም ጠፍር። የደብሪቱ መጫኛ ሆዷ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ይኖራል። ጭነት ሲኖር አይፈታ፣ ጭነት ሲራገፍ አይፈታ። አንድም ቀን «ላውልቀው» ብላ አታውቅም። የገዛ ቆዳዋ መስሏታል።

ታዲያ ይሄ መጫኛ አፍ አለው። ምን ያለ አፍ! ቀኑን ሙሉ ይነዘንዛታል።

«ተንቀረፈፍሽ። ዛሬም ተንቀረፈፍሽ። ትናንት ድንጋይ ሲያደናቅፍሽ አይቻለሁ። እንዳንቺ ያለች አህያ የትም አገር የለችም!»

እሷም ምስኪን፣ ያጠፋች ይመስል ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ «እውነትህን ነው» ትለዋለች።

በመንገዱ አጋማሽ፣ ወንዙን ሲሻገሩ፣ አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች። ከሾላዋ ሥር እትዬ ማንጠግቦሽ የምትባል ጉሬዛ ምግብ ቤት ከፍታለች። ያቺ ጥቁርና ነጭ ካባ ደርባ ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሄደዋ ጉሬዛ፣ እሷ! ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሩ እንስሳ ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ምሳውን እዚያ ነው የሚበላው። ትልቁ ትሪ ይዘረጋል። ሽሮው ይንተከተካል፣ የጎመን ክትፎው ይቀርባል፣ የሱፍ ፍትፍቱ ይከተላል። ሣቁ ደግሞ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል።

ማንጠግቦሽ አንድ ደንብ ነበራት። አዲስ እንግዳ ሦስት ቅዳሜ ይጋበዛል። ሦስቱንም ቅዳሜ እምቢ ካለ፣ ትሪው ዙሪያ የተያዘለት ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ ዳግመኛም «ና ብላ» አይባልም። «አንገቱን ይዤ አላበላ!» ትላለች ማንጠግቦሽ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ደብሪቱ ጨው ጭና በዚያ ስታልፍ፣ ማንጠግቦሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ደብሪቱ! አንቺ ደብሪቱ! ነይ እንጂ እህቴ፣ ምሳ እንብላ!»

የሽሮው ሽታ መጣ። ያንን ሽታ እናንተ ብትሸቱት እኔን ትታችሁ ትሄዱ ነበር። የደብሪቱ አፍንጫ ተነፋ፣ እግሯም ሳታዘው ወደ ሾላዋ ዞረ። ይኼኔ መጫኛው ሆዷን ጥብቅ!

«ወዴት? ወዴት ነው? ምን ሠርተሽ ነው ምሳ የምትበዪው? ደግሞ ጥርስሽ ስታኝኪ ወፍጮ ነው የሚመስለው። ይስቁብሻል!»

«እውነትህን ነው» አለችና ወደ ማንጠግቦሽ ዞረች። «በልቼ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ምን በላሽ?»

«እ... ቤት ያፈራውን።»

ውሸቷን ነው! ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ቤቷ ስትገባ በር ላይ ቆማ፣ የሚያባርራት ያለ ይመስል፣ ደረቅ ጭድ ዋጥ ዋጥ አደረገች። ያም ምሳዋ ሆነ።

ማንጠግቦሽ ግን ከሾላዋ ላይ ሆና አንድ ጣቷን አነሣች። «አንድ» አለች።

ሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። ያን ቀን አልጣሽ የምትባል ፍየል ነበረች። አልጣሽን ሳታውቋት አትቀሩም፤ እንደ እሷ ያለች አፈ ፈጣን በየመንደሩ አንዳንድ አለች። ደብሪቱን ገና ስታያት ተነሥታ ጆሮዋን ያዘቻት።

«ዛሬማ አታመልጪም! ጨዉን የምታመጪልን አንቺ፣ ወጡን የምንበላ እኛ! ምን ጉድ ነው? ተቀመጪ!»

ጎትታ አስቀመጠቻት። ውኃ ፈሰሰላት፣ ታጠበች። ትሪው ቀረበ። አህያ በምኗ ታጥባ በምኗ ትጎርሳለች የሚል ካለ ዝም ይበል፤ በተረት አገር ሁሉም እጅ አለው!

ደብሪቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች። ከአፏ ልታደርሰው ስትል መጫኛው ጥብቅ!

«ሁሉም አንቺን ነው የሚያየው። ብትጎርሺ ሆዳም ይሉሻል። ለሌላ ስጪ! የምትሰጪ ከሆነ ማንም ምንም አይልሽም።»

«እውነትህን ነው» አለችና ጉርሻውን ወደ አልጣሽ አዞረችው። «በሞቴ፣ አልጣሽ!»

አልጣሽ ጎረሰች። ደብሪቱ ደግሞ ጠቀለለች። «በሞቴ፣ በጊቱ!» በጊቱ የምትባለው በግ ጎረሰች። ደግሞ ጠቀለለች። «አፈር ስሆን፣ ዳክዬ!» ዳክዬ ጎረሰች። ደግሞ አልጣሽን፣ ደግሞ በግን፣ ደግሞ ዳክዬን! በግ ዓይኗ ፈጠጠ። ዳክዬ አንገቷ አበጠ።

«ኧረ ደብሪቱ፣ ልትገዪኝ ነው እንዴ!» አለች አልጣሽ አፏ ሞልቶ። «እጅሽ ይባረክ! እንዳንቺ ያለ ደግ አላየሁም።»

ትሪው ባዶ ሆነ። ሁሉም ሆዱን ይዞ ወደ ኋላ ተንጋለለ። የደብሪቱን ከንፈር ያየ ግን ከማንጠግቦሽ በቀር አልነበረም። ከንፈሯ ደረቅ ነው። ሽሮ የሚባል ነገር አልነካውም።

«ደብሪቱ፣ አንቺስ?»

«እኔማ ጠገብኩ እትዬ። እነሱ ሲበሉ ሳይ እጠግባለሁ።»

ማንጠግቦሽ ሁለት ጣቷን አነሣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ክፉ ሳምንት ነበር። ደብሪቱ ጨው ጭና ገደላማውን አቀበት ስትወጣ፣ አፋፉ ላይ ስትደርስ፣ ጉልበቷ ከዳት። ዓይኗ ጨለመ፣ ወደቀች። አንድ ክንድ ያህል ብትንሸራተት ኖሮ ታች ወንዙ ውስጥ ነበረች! እዚያው ተኝታ ትተነፍሳለች፤ መጫኛው ግን ይናገራል።

«አየሽ? አላልኩሽም? ሰነፍ! ተነሺ!»

ደብሪቱም ተነሣች። እውነትህን ነው ልትለው አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጠራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትመልስለት መንገዷን ቀጠለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን አቀበት እንደማትወጣው ግን ልቧ ነግሯታል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ደብሪቱ እየተንገዳገደች ወንዙን ተሻገረች። አልጣሽ አየቻትና መሣቋን ተወች።

«ኧረ ይቺ ልጅ! ጎድኗ ወጥቶ! ደብርዬ፣ ምን ሆነሻል?»

ማንጠግቦሽ ከሾላዋ ወረደች። መጀመሪያ ጨዉን አራገፈችላት። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ደብሪቱ፣ ዛሬ ሦስተኛሽ ነው። ዛሬ እምቢ ካልሽ ቦታሽን ለዳክዬ እህት እሰጣለሁ። ወደድኩሽ ብዬ ደንቤን አላፈርስም። እንዳትቀየሚኝ።»

መጫኛው ጥብቅ፣ ጥብቅ፣ ጥብቅ! «በልቻለሁ በያትና እንሂድ! በያት!»

«በልቻ...» ልትል ጀመረች ደብሪቱ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ማንጠግቦሽ ጭልፋዋን አንሥታ። «ከመመለስሽ በፊት አንድ ነገር ላማክርሽ። አንዲት እንግዳ መጥታብኝ ተቸግሬያለሁ። ከንጋት ጀምሮ ሸክም ተሸክማ የዋለች ናት። በዚህ ሳምንት አፋፉ ላይ ወድቃ ከሾላው ጫፍ ሆኜ አይቻታለሁ። ርቧታል። ግን ታፍርና በልቻለሁ ትላለች። ምን ላድርጋት?»

ደብሪቱ የራሷን ርኃብ ረሳችው። ጆሮዋ ቀጥ አለ።

«ውይ በሞትኩት! ይሄ ይጠየቃል እንዴ፣ እትዬ? ጎትተሽ አስቀምጫት እንጂ! የታለች? እኔ ላጉርሳት!»

«መንቀርፈፍ ታበዛለች ይሏታል።»

«ትንቀርፈፍ! ሸክሙን ተሸክመውት ያውቃሉ?»

«ስታኝክ ጥርሷ ወፍጮ ነው ይሏታል።»

«ታዲያ በምኗ ታኝክ? ርቧታል እኮ! ይህን የሚላት ማነው? አምጪልኝ እስቲ፣ በርግጫ ነበር የምለው!»

ሆዷ ላይ ያለው መጫኛ ትንፋሹን ዋጠ።

«እንግዲያው በይ፣ አጉርሻት» አለች ማንጠግቦሽ፤ ትኩስ የሽሮ ፍትፍትም እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

ደብሪቱ ጉርሻዋን ይዛ ተነሣች። ወደ ቀኝ አየች፣ በግ ናት። ወደ ግራ አየች፣ ዳክዬ ናት።

«የታለች?»

«ጆሮዋ ረጅም ነው» አለች ማንጠግቦሽ።

ደብሪቱ ከሾላው ግንድ ጀርባ ዞራ ፈለገች። የለችም።

«ጨው ትጭናለች።»

ወንዙን አሻግራ አየች። ያም ባዶ ነው።

«መጫኛ ታጥቃለች፤ ቅዳሜ እንኳ አትፈታውም።»

አልጣሽ ሣቋ አምልጧት በጀርባዋ ተገለበጠች። «ኧረ ደብርዬ! ኧረ ፈረስኩ! ጉርሻ ይዘሽ የት ነው የምትዞሪው?»

ይኼኔ ደብሪቱ ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ታች ሰደደች። ያንን የገረጣ ደረቷን አየችው። ያንን የተላላጠ ጉልበቷን አየችው። ያንን የወጣ ጎድኗን አየችው። ስንቱን ታማሚ ስትጠይቅ የኖረች አህያ፣ ይቺን አንዷን ጠይቃት አታውቅም።

«ውይ» አለች። «ውይ እህቴን።»

መጫኛው ጮኸ። «እንዳትነኪው! ያለ እኔ ትበታተኛለሽ! አንቺን አንቺ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ!»

ደብሪቱም እንደ ሌላው ቀን አልፈራችውም፤ አልሰደበችውምም። «መጫኛዬ፣» አለችው፣ «አንተም ከጠዋት ጀምሮ ታጥቀህ ደክሞሃል። ጨዉ እኮ ወርዷል። እስቲ እረፍ።» ብላም አንዱን ዙር ፈታችው።

ከዚያ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ አዞረች። «በሞቴ፣ ደብሪቱ» አለች።

«ኧረ በቃኝ» ብላ ለራሷ መለሰች። ልማድ መጥፎ!

«አፈር ስሆን!»

«በልቻለሁ ስልሽ!»

«ምን በላሽ? ጭድ? አፍሽን ክፈቺ!» አለች ለራሷ ተቆጥታ፣ እና ጎረሰች።

ምን ልበላችሁ! በጊቱ እልል አለች። ደብሪቱ ሁለተኛውን ዙር ፈታች፣ ሁለተኛውን ጎረሰች። ሦስተኛውን ዙር ፈታች፣ ሦስተኛውን ጎረሰች። መጫኛው ዘፍ ብሎ መሬት ወደቀ። ጥርሷ ሲያኝክ እውነትም ወፍጮ ነበር፤ ቀርጠም ቀርጠም፣ ቀርጠም ቀርጠም። ማንም አልሣቀባትም። እሺ፣ አልጣሽ ሣቀች። አልጣሽ ግን በምኑ አትሥቅ!

ጎመን ክትፎው መጣ፣ በላች። የሱፍ ፍትፍቱ መጣ፣ በላች። «እትዬ፣ ይሄ ሽሮ ጨው አነሰው» አለች ደግሞ። ጨው ጫኟ እሷ፣ ማን ይከራከራታል! ማንጠግቦሽ ሽሮውን አስተካክላ መለሰችላት፤ በሦስት ጣቷም ጉንጯን ነካ አደረገቻት።

መጫኛውን ማንጠግቦሽ አንሥታ የሾላው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ መጣና አወዛወዘው። ያ ሁሉ ዘመን ሆድ እንደያዘ የኖረ ጠፍር፣ ዥዋዥዌ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሲያንኮራፋ ተሰማ።

ምሳው አለቀ። ደብሪቱ መጫኛውን አወረደች፣ ጨዉን ጫነች፣ አቀበቱን ወጣች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ጸና። ቤቷ ስትገባ ጨዉን አራገፈች፣ መጫኛውንም ፈትታ ምስማር ላይ አንጠለጠለችው፤ ጭነት በሌለበት መታጠቅ ያን ቀን ቀረ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወንዙን ስትሻገር መጫኛው ያው መጫኛ ነውና ጀመራት።

«ወዴት ነው?»

«ምሳ።»

«ምን ሠርተሽ?»

«ርቦኝ።»

መጫኛው ሆዷ ላይ ላላ አለ።

በሉ፣ ተረቴ ሠፈሯ ትመለስ፤ እናንተም የእሷን ምክር ይዛችሁ ቅሩ። «በሞቴ፣ ብላ» የምትሉበት ያ ጣፋጭ አፍ ለእንግዳ ብቻ አልተሰጣችሁም። ደክሟችሁ ስትቀመጡ፣ ለራሳችሁም አንድ ጊዜ በሉት። እምቢ ብትሉ እንኳ፣ ግድ በሉ።