ክዳኑ ላይ ያለችው ምልክት

አንድ የሞተርን ሕመም ከድምፁ የሚለይ መካኒክ ነበር። ስሙ ዘርጋው ነው። ከአንድ ረጅም ዳገት ግርጌ ባለች ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ዘርጋው ሰው ካላናገረው አይናገርም፤ ሥራ ሲበላሽ ካየ ግን አፉን የሚይዝለት አልተገኘም። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ሹመት በአጠገቡ እያለፈ ለሌሎች ደርሷል፤ እሱም ዞር ብሎ አላየውም።

ከተማዋ አንድ አምቡላንስ ብቻ ነበራት። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ደጋው ላይ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ ዳገቱንም ሰዉ «ጉልበት ጨርስ» ይለዋል። አምቡላንሱ ተበላሽቶ ከቆመ ወዲህ በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰዎች ሆስፒታሉ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞተዋል።

በዚያች ከተማ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ሞተሩ የተፈታ መኪና ተገጥሞ ሲወጣ፣ ሞተሩን የገጠመው መካኒክ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ጉልበት ጨርስን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ ይወጣል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ነገር ግን ሠሪው ያልተቀመጠበትን መኪና ማንም ደፍሮ አይሳፈርበትም።

አምቡላንሱን ያቆመው የሞተሩ የፊት ክዳን ነው። ይህ ክዳን የሞተሩን ካቴና፣ ማለት ሰንሰለቱን፣ ይሸፍናል፤ አሮጌው ተሰንጥቆ ዘይት ያፈስ ነበር። ክዳኑ ላይ ጥፍር የምታህል ምልክት አለች። ከሥሩ በሚሽከረከረው ፑሊ ላይ ደግሞ አንዲት ጭረት አለች። ጭረቷ መጥታ ከምልክቷ ፊት ለፊት ስትቆም የመጀመሪያው ፒስተን ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ደረሰ ማለት ነው፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓትም ከዚያ ተነሥቶ ይስተካከላል። መካኒክ ሞተሩን ሳይከፍት ውስጡን የሚያውቀው በዚህች ምልክት ነው፤ ታማኝ ከሆነች።

አዲሱን ክዳን ያስመጣው የጋራዡ ኃላፊ አቶ ልሳኑ ነው። ልሳኑ ወረቀቱ ሁሉ የተስተካከለ፣ ከረባቱ የማይዛነፍ ሰው ነው። ክዳኑ ትክክለኛ መሆኑን መስክሮ፣ ፈርሞና ማኅተም አሳርፎ ተረክቦታል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አምቡላንሱ እንግዶች ባሉበት በከተማዋ ሜዳ ላይ እንዲመረቅ ቀን ቆርጧል።

ዘርጋው አሮጌውን ክዳን ፈታ። ካቴናውን በሥርዓቱ አሰረ፤ አዲሱን ክዳንም ገጠመ። ቡሎኖቹ በሙሉ ቀዳዳቸውን አገኙ። ግን ቀልቡ አልወደደውም። አሮጌውን ክዳን ከመሬት አንሥቶ ከአዲሱ ጎን ሲይዘው የአዲሱ ምልክት አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላለች። ክዳኑ የተሠራው ይህንን ለሚመስል ለሌላ ሞተር ነበር።

ዘርጋው ለኃላፊው ነገረው። «አቶ ልሳኑ፣ ክዳኑ ይገጥማል፤ ምልክቱ ግን የዚህ ሞተር አይደለም።»

«ቡሎኖቹ ገብተዋል ወይስ አልገቡም?»

«ገብተዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«የእሳቱ ሰዓት ቀረ» አለ ዘርጋው። ከጥግ ከቆመው መጥረጊያ ላይ አንድ ረጅም ጭራሮ መዘዘ። የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትቶ ጭራሮውን በቀዳዳው ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ጭራሮው ፒስተኑ አናት ላይ ቆመ። ከዚያ ፑሊውን በቁልፍ ይዞ ቀስ አድርጎ አዞረው። ጭራሮው ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ጫፍ ማለት ይህ ነው። የፑሊው ጭረት ግን ገና ምልክቷ ጋ አልደረሰችም ነበር።

ልሳኑ ጎንበስ ብሎ አየ። አይቷል፤ አላየሁም ቢል ይዋሻል። «በማኅተም የተረከብኩትን ዕቃ በመጥረጊያ ጭራሮ ሊከሱት ነው?» አለ።

«ጭራሮው ፒስተኑን ይነካል። ምልክቷ ማንንም አትነካም። ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ። የውሸቷን በመሮ ላንሣት፣ የእውነቷን ልቅረጽ፤ ያልቃል።»

«ሐሙስ ኮፈኖው ተከፍቶ ፎቶ ይነሣል። ትክክል ነው ብዬ የፈረምኩበት አዲስ ዕቃ በመሮ ተበጥቶ ሊታይ? መመሪያው በክዳኑ ምልክት ይስተካከል ይላል፤ በምልክቱ ያስተካክሉ።»

«በዚህች ምልክት ከተስተካከለ እሳቱ ይዘገያል። ሞተሩ ሜዳ ላይ ይሄዳል። ጉልበት ጨርስ ላይ ግን ግሎ ይቆማል፤ ያውም በሽተኛ ይዞ።»

«ምረቃው ሜዳ ላይ ነው» አለ ልሳኑ። ይህን ሲል አላፈረም።

አብሮት የሚሠራው መካኒክ ሰጥአርጌ ዘርጋውን ወደ ጎን ወሰደው። ሰጥአርጌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤተሰብ ያለው፣ ነገር የሚፈራ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ምን አደረቀህ? ሰውየው ወደ ቢሮው ሲመለስ ሰዓቱን በጭራሮህ አስተካክለው፤ ምልክቷን ግን አትንካት። መኪናውም ዳገቱን ይወጣል፣ እሱም ፎቶውን ይነሣል። ማን ያውቃል?»

ዘርጋው ለአፍታ አሰበበት። ቀላል ነበር። «እኔና አንተ እናውቃለን» አለ በመጨረሻ። «ከዓመት በኋላ ሌላ መካኒክ ይከፍተዋል። ምልክቷን አይቶ፣ ተሳስተዋል ብሎ፣ የእኔን እውነት በእሷ ውሸት ያርመዋል። ያን ቀን ቃሬዛው ላይ ማን እንደሚተኛ ታውቃለህ? ውሸቷ እዚያው ተቀርጻ እያለች እኔ ተደብቄ ልክ ብሆን ምን ይጠቅማል?»

 ዘርጋው ወደ ልሳኑ ተመልሶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በዚህች ምልክት አላስተካክልም» አለ።

ልሳኑ ፊቱ ጠቆረ። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ሲል የቆየው ሰውዬ «አንተ» ማለት ጀመረ። ቁልፉን አንሥቶ ለሰጥአርጌ ሰጠው፤ ሰጥአርጌም ጭረቷን ከምልክቷ አጋጥሞ፣ ዘርጋውን ቀና ብሎ ሳያይ ሥራውን ጨረሰ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ለማያውቅ ጆሮ ደህና ነበር። ልሳኑ መዝገቡን ከፍቶ ዘርጋው ፊት አኖረው። ዋናው መካኒክ ዘርጋው ነበርና ከእሱ ፊርማ ውጭ መኪና ከጋራዡ አይወጣም።

«ፈርም።»

«አልፈርምም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት የሠራህበት ወንበር ነው የሚቀርብህ።»

«ወንበሩ ያንተ ነው፣ ውሰደው። ፊርማው ግን የእኔ ነው።»

ልሳኑ በዘርጋው ቦታ ራሱ ፈረመ። የዘርጋውንም የእግድ ደብዳቤ በዚያው ቀን አስተየበ።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው በሰው ሞላ። አምቡላንሱ ታጥቦ፣ ሪባን ታስሮለት ቆሟል። ኮፈኖው ተከፈተ፤ እንግዶቹ የሚያብለጨልጨውን ክዳን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶ ተነሣ። ሪባኑ ሲቆረጥ አምቡላንሱ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ እልልታውም ቀለጠ። ዘርጋው ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን እግሩ ሥር አድርጎ ከሰዉ ኋላ ቆሟል። እልልታው አናደደው፤ ለቆመ መኪና እልል የሚሉ መሰለው።

ከሰዉ መካከል ሲስተር ባንችአምላክ ወጣች። ባንችአምላክ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት፤ መንገድ ላይ ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዷ በእጇ ላይ ነበር ያለፈችው። «ያምራል» አለች። «አሁን ጉልበት ጨርስን ማን ይዞት ይወጣል? ሞተሩን የሠራው የታለ?»

ልሳኑ እጁን ወደ ዘርጋው ዘረጋ። «ዋናው መካኒካችን እዚያ አሉ።» በሰው ፊት አክብሮቱ እንደገና መጣ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ዘርጋውን አየው። ዘርጋው ካለበት አልተነቃነቀም። «እኔ አላስተካከልኩትም» አለ ሁሉም እንዲሰማው። «ክዳኑ ላይ ያለችው ምልክት ውሸት ናት ብዬ አልፈርምም አልኩ። መዝገቡ ላይ የፈረሙት አቶ ልሳኑ ናቸው። ልማዱም ይታወቃል፤ ተሠርቷል ብሎ የፈረመ ይቀመጥበታል።»

ባንችአምላክ ሄዳ ከሾፌሩ ጎን ያለውን በር ከፈተችና ልሳኑን ጠበቀችው። ልሳኑ እንግዶቹን አየ፤ እንግዶቹም እሱን አዩት። አልወጣም ቢል ያው ጥፋቱን ማመን ነው። ከረባቱን አስተካክሎ ገባ።

አምቡላንሱ የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ በደህና ዞረ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ወፈረ። ሦስተኛው ላይ ሜዳው ላይ የቆመ ሁሉ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ አየ፤ መኪናው ቆመ። ባለከረባቱ ሰውዬ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያደርግ ከታች ይታይ ነበር። ዘርጋው በዚያች ሰዓት ደስ አላለውም ማለት ውሸት ነው። ደስታው ግን አልቆየም። መኪናው ባዶውን ነበር፤ ነገ ባዶ አይሆንም። የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ ጀመረው፤ ሰጥአርጌም ሳይጠራ ተከተለው።

ሲደርሱ ሞተሩ እስኪበርድ መንገዱ ዳር ተቀመጡ።  ከዚያ ዘርጋው ካንዴላውን ፈታና ከሣጥኑ ጭራሮውን አወጣ። ጭራሮውን ለልሳኑ ዘረጋለት። «ያዟት» አለው፤ ቁልፉን ለሰጥአርጌ ሰጠ። ልሳኑ በሁለት ጣቶቹ ያዛት። ፑሊው ሲዞር ጭራሮዋ በእጁ ውስጥ ወጣች፣ ወጣች፣ ቆመች።

«የት ነው ያለችው?» አለው ዘርጋው።

«ጫፍ ላይ» አለ ልሳኑ።

«ምልክቷስ የት ነው የምትለው?»

 ዘርጋው መሮና መዶሻ አነሣ። የውሸቷን ምልክት በሁለት ምት ገነጠላት። ከፑሊው ጭረት ፊት ለፊት፣ በአዲሱ ክዳን ገላ ላይ፣ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ቀረጸ። እሳቱን በእሷ አስተካከለ። ሞተሩ ሲነሣ ሾፌሩ ሳይጠየቅ ፈገግ አለ። ዘርጋው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ የቀሩትን ጠመዝማዞች ሁሉ አብረው ወጧቸው።

በማግስቱ ልሳኑ የእግድ ደብዳቤውን ከዘርጋው ተቀብሎ ቀደደና መዝገቡን አቀረበ። ዘርጋው በዚህ ጊዜ ብዕሩን አነሣና ጻፈ፦ «የክዳኑ ምልክት ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ ተነሥቷል። ሰዓቱ ከፒስተኑ ተወስዷል።»

«የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ይተዉልኝ» አለ ልሳኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለተኛዋ ትበቃለች።»

«ሁለተኛዋ የተጻፈችው በመጀመሪያዋ ምክንያት ነው» አለ ዘርጋው፤ ፈረመም።

ወር ሳይሞላ ዘርጋው ወደ ጎማ ክፍል ተዛወረ። ምክንያቱ በወረቀት ላይ አልተገለጸም። አሁንም እዚያው ጎማ ይለጥፋል፤ አልተጸጸተም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። በዋናው መካኒክ ወንበር ሰጥአርጌ ተቀመጠ። ሰጥአርጌ ግን ዛሬ በደረት ኪሱ ከብዕሩ ጎን አንድ የመጥረጊያ ጭራሮ ይይዛል፤ ጭራሮው ሳይገባ ፈርም ቢሉት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አምቡላንሱም ጉልበት ጨርስን ይወጣል።

ምልክት የተሠራችው እውነቱ የት እንዳለ እንድታሳይ ነው፤ እውነቱ ለእሷ ሲባል ቦታውን እንዲለቅ አይደለም። ማኅተም ስላለበት፣ ስለሚያብለጨልጭ፣ ቡሎኑም ስለገባ ብቻ ልክ የሆነ ነገር የለም። ውስጡን በጭራሮም ቢሆን መንካት ያስፈልጋል። ነክተው ውሸት ሆኖ ካገኙት ደግሞ በድብቅ ልክ መሆን አይበቃም፤ የውሸቱን ምልክት በመሮ ማንሣት ይገባል፣ ወንበር ቢያስከፍልም። ሜዳ ላይ የተጨበጨበለት ስህተት ዳገት ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ያጨበጨበው ሳይሆን ከኋላ የተኛው በሽተኛ ነው።

ለመሆኑ እርስዎ ትናንት የፈረሙበት ነገር ዳገቱን ሲጀምር ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣሉ?