የጀልባ ሜዳ

ከጎሽ ውሃ መንደር ግርጌ፣ ከዳር እስከ ዳር ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ስሙም የጀልባ ሜዳ ነው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ስሙን ሲሰማ ዙሪያ ገባውን ቃኝቶ ውሃ ያጣና ግራ ይገባዋል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግን ይህ ሜዳ በአያቶቻቸው ዘመን ሐይቅ ነበር፤ ያውም ስሙ የገነነ፣ ከሩቅ ከተሞች ሳይቀር ሰው ሊዋኝበት፣ አየሩን ሊቀበል፣ አሳውን ሊበላ የሚጎርፍበት ሐይቅ። መንደሩም የሚተዳደረው እንግዳ በማሳረፍ ነበር፤ ወንዱ እየቀዘፈ እንግዳ ያንሸራሽራል፣ ሴቷ አልጋ ታነጥፋለች፣ አሳ ትጠብሳለች።

ከሁሉም ይልቅ ደጇ እንግዳ የማያጣው ማንአህሎሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የማረፊያ ቤቷ መስኮቶች በሙሉ ወደ ሐይቁ የሚከፈቱ ስለነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት የውሃው ነጸብራቅ ኮርኒሱ ላይ ሲጫወት እንግዶቿ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ያዩት ነበር ይባላል።

እንደሚነገረው አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምድር ተንቀጠቀጠች። ቤት አልፈረሰም፣ ሰውም አልሞተም፤ ነገር ግን የሐይቁ ወለል ከሥር ሳይሰነጠቅ አልቀረም፣ ውሃው በየቀኑ እየሸሸ፣ እየሸሸ ሄዶ ጥቅምት ሳይጋመስ ጭቃው ብቻ ቀረ። ቄሱም ሼኹም ጸለዩ፣ ውሃው ግን አልተመለሰም። እንግዶች መጥተው አዩና ከንፈራቸውን መጠው በመጡበት ተመለሱ። ወጣቱም ሥራ ፍለጋ አንድ በአንድ ወደ ከተማ ይፈልስ ጀመር።

ማንአህሎሽን ከምንም በላይ ያስጨነቃት የልጇ የአጥናፉ ሰርግ ነበር። አጥናፉ ያጨው ከሐይቁ ማዶ፣ ከደረባ መንደር፣ ዘርትሁን የምትባል ልጅ ሲሆን፣ ያሳደጓት አያቷ አያ ይመኑ ነበሩ። ቀን ከተቆረጠ በኋላ ሐይቁ ደረቀ። አያ ይመኑ ውሃ እንኳ ጥሎት ወደ ሄደ መንደር ልጃቸውን መስደድ አልፈለጉም፤ የሰጡትን ቃል በግልጽ ማፍረስም አሳፈራቸው። ስለዚህ ማንአህሎሽ ሽማግሌ ይዛ ስትሄድ በዘወርዋራ መለሱላት።

«ልጄ፣ እኔ ቃሌን አላጠፍኩም» አሏት። «የደረባ ሙሽራ ግን ከጥንት ጀምሮ ጎሽ ውሃ የምትገባው በጀልባ ነው። አክስቶቿም የተዳሩት እንዲያ ነው። በጀልባ ከወሰዳችኋት ውሰዷት፤ አለዚያ ይቅር።»

አብረዋት የሄዱት ሽማግሌዎች ነገሩ እምቢታ መሆኑ ስለገባቸው አንገታቸውን ደፉ። ማንአህሎሽም ገብቷታል። ነገር ግን ከግቢው ስትወጣ ዘርትሁን ከአጥሩ ሥር ቆማ ስታለቅስ አየቻትና እልህ ያዛት። ተመልሳ ገብታ፣ «እሺ አባቴ፣ በጀልባ እንወስዳታለን፤ ቀኑም የተባለው ቀን ይሁን» አለቻቸው። አያ ይመኑ ሴትዮዋን ሐዘን ያናወዛት መሰላቸው።

ማንአህሎሽ አገሯ እንደገባች በቀጥታ ወደ ቀዛፊዎቹ አለቃ ወደ ሙሄ ሄደች። ሙሄ በዚያው ሰሞን ከዋንዛ የተሠራውን ትልቁን ጀልባውን ፈልጦ ማገዶ ሊያደርገው መጥረቢያ ሲስል ነበር ይላሉ። የመጣችበትን ነገረችው። እሱም፣

«እቴ፣ ውሃ የለም እኮ» አላት።

«ትከሻ አላችሁ አይደል?» አለችው።

ሙሄ ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በመጥረቢያውም ማገዶ ሳይሆን ረጃጅም ወጋግራ ቆረጠ፤ ከተማ ለወረዱት ቀዛፊዎችም መልእክት ላከባቸው። እነሱም ነገሩን ሲሰሙ እየሳቁ መጡ።

በሰርጉ ቀን ወጋግራውን ከጀልባው ሥር አስገብተው እንደ ወሳንሳ ተሸከሙት። ፊት ፊት የሚሄዱት በመቅዘፊያ ጭቃውን እየወጉ ጥልቀቱን ይለካሉ፣ የተሸከሙት ደግሞ ድሮ ሲቀዝፉ የሚያዜሙትን እያዜሙ እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ ይራመዳሉ። ደረባዎች ጀልባ በደንገሉ መሐል ብቅ ጥልቅ እያለ ሲመጣ አይተው ከየቤታቸው ወጡ። አያ ይመኑም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ ጀልባውን ዞሩት፣ ሆዱን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ከጥርሳቸው በቀር ጭቃ ያልነካው ቦታ የሌላቸውን ጎረምሶች አንድ በአንድ አዩአቸው። ሊቆጡ ፈልገው ነበር ይባላል፤ ግን ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ውሃው ቢሄድም ሰዉ አልሄደም ለካ» አሉ። «በሉ፣ ልጄን ውሰዷት። እኔስ በምን ልሂድ?»

ሙሄ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘና ጀልባው ውስጥ ከሙሽራዋ ኋላ አስቀመጣቸው። ዘርትሁን ሜዳው መሐል እስኪደርሱ ድረስ በሻሿ ተሸፍና ዝም ብላ ነበር፤ ጎረምሶቹ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ሲሉ ግን አያቷ፣ «ምነው፣ ነፋሱ ቆመ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማችና በሳቅ ፈረሰች፤ ተሸካሚዎቹም ስቀው ጀልባውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው።

ያን ጊዜ ከመንደሩ በላይ ባለው ጥርጊያ መንገድ አንድ አውቶብስ ሲያልፍ፣ ሾፌሩ በየብስ የሚመጣ ጀልባ አይቶ ቀጥ አድርጎ አቆመው ይባላል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከሰርገኛው ተቀላቀሉ፣ በሉ፣ ጨፈሩ፣ እዚያው አደሩ። ማንአህሎሽ ለወራት ተዘግተው የቆዩትን ክፍሎቿን አቧራ አራግፋ ከፈተች፤ በማግስቱ ጠዋት የእንግዶቿን ወሬና ሳቅ ከየክፍሉ ስትሰማ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ግን ከሐዘን አልነበረም።

ተሳፋሪዎቹ ወሬውን በየአገራቸው ዘሩት። በዓመቱ እንግዶች መጥተው የጀልባው ሰርግ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ለዚያ ሰሞን የተቆረጠ ሰርግ ስላልነበረ፣ ለፋሲካ የታሰበ አንድ ጋብቻ በጥድፊያ እንዲቀድም ተደረገ ይባላል፤ ሙሽሮቹም አልተከፉም። ጭቃው ጠጥሮ ሣር አበቀለ፣ ሽመላ ሰፈረበት፣ የተሰደዱትም ተመልሰው የየማረፊያ ቤቶቻቸውን መስኮት ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ በጎሽ ውሃ ሙሽራ በእግሯም በበቅሎም አትገባም፤ ከየትም ትምጣ፣ ሜዳውን የምታቋርጠው በሚዜዎች ትከሻ ላይ፣ በጀልባ ነው። እንግዳም ይህን ሊያይ በየዓመቱ ይመጣል። በቅርቡ ደግሞ ክረምቱ በርትቶ ከሜዳው ጥግ ሰፋ ያለ ውሃ ተኝቶ ነበር። በጥር ሰርግ ሲሆን እንግዶቹ፣ እንግዲህ ውሃው ከተገኘ ጀልባውን አሳርፉትና ቅዘፉ ብለው መከሩ። ሚዜዎቹ ግን አልሰሟቸውም፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ እስከ ወገባቸው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ ጀልባውን ከነሙሽራዋ በትከሻቸው አሻገሩት።