አልበስልም ያለ ሽንኩርት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። ይሄኛው ተረት ከበረት ሳይሆን ከጓዳ ነው የወጣው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

ደብሪቱ የምትባል ልጅ ነበረች። ታላቅ እህቷ ስለወለደች እናቷ አራሷን ልትጠብቅ ሌላ አገር ሄደች፤ ጓዳው ለደብሪቱ ቀረ። ደብሪቱ ወጥ መሥራት ትወዳለች። ወጡ ግን ደብሪቱን አይወዳትም። አንድ ቀን ይቀጥናል፣ አንድ ቀን ይጓጉላል፣ ሁልጊዜ ደግሞ ጥሬ ሽንኩርት ጥሬ ሽንኩርት ይላል።

አባቷ አቶ ንጋቱ ደግ ሰው ስለሆኑ ሁለቴ ጎርሰው «ተመስገን፣ ጠገብኩ» ይላሉ። ከዚያ ደጅ ይወጡና ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ይቆረጥማሉ። ታላቅ ወንድሟ አጥናፉ ግን ደግ አይደለም። «ደብሬ፣ በዚህ ወጥ ለምን ግድግዳ አንለስንበትም?» ይላታል።

አንድ አርብ ጠዋት አባቷ ጠሯትና፣ «ልጄ፣ እኔ አልተከፋሁም» አሏት። «ግን ዛሬ ጾሜን ስፈታ ወጡ እንደ ትናንቱ ከሆነ፣ ነገ እህቴን ፋናዬን እጠራታለሁ። እናትሽ እስክትመለስ እሷ ታብስል።»

ደብሪቱ ደነገጠች። አክስቷ እትዬ ፋናዬ የገቡበት ጓዳ ሌላ ሰው አይገባበትም፤ ማንኪያ እንኳ የሚነሳው እሳቸውን አስፈቅዶ ነው። እሳቸው ከመጡ ለደብሪቱ ውሃ መቅዳት እንጂ ወጥ መማር የለም። እሷ ደግሞ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ አባባ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ድገሚኝ» እንዲሏት።

ሽንኩርቱን አድቅቃ ከተፈችው፣ ድስት ውስጥ ጨመረችው፣ ከሰል ላይ ጣደችውና አጠገቡ ቆመች። «ሽንኩርት ሽንኩርት፣ ቶሎ ብሰልልኝ» አለችው።

«አልበስልም» አለ ሽንኩርቱ። «ትናንት ገና ሳይሞቀኝ ውሃ ደፋሽብኝ። ከትናንት ወዲያ ገና ሳልነቃ ዘይት ደፋሽብኝ። ዛሬ ደግሞ ራሴ ላይ ቆመሽ ታፈጪብኛለሽ። አልበስልም።»

ደብሪቱ ድስቱን ከደነችና ወደ እሳቱ ጎንበስ አለች። «እሳት እሳት፣ ቦግ በልና ሽንኩርቱን አብስልልኝ። ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«ቦግ አልልም» አለ እሳቱ። «ያን ለት ቦግ ብልልሽ ወጡ አረረ፤ አንቺም በሰው ፊት ‹እሳቱ ነው ያሳረረው› አልሽ። ከእንግዲህ እንዲሁ ሞቅ ብዬ እቀመጣለሁ።»

ማራገቢያው ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። «ማራገቢያ ማራገቢያ፣ እሳቱን አራግብልኝ። እሳት ቦግ አልልም አለ፤ ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«አላራግብም» አለ ማራገቢያው። «ትናንት ከወጥሽ ላይ ዝንብ ስታባርሪብኝ ክንዴ ዛለ። ዝንቦቹ እኮ ዝም ብትያቸው ቀምሰው ራሳቸው ይሄዱ ነበር። ከሚስማሬ አልወርድም።»

ድመቷ ደፍ ላይ ተጋድማለች። «ድመት ድመት፣ ማራገቢያውን ቧጭሪልኝ። ማራገቢያ እሳት አላራግብም አለ፤ እሳት ቦግ አልልም አለ፤ ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«አልቧጭርም» አለች ድመቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ትናንት ያንን ወጥሽን ቀምሼ ጥፍሬ ሁሉ ደክሞታል። ሆዴን ስሚው እስቲ።»

ደብሪቱ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው። እውነትም ይጮሃል።

ውሻው ግቢው መሀል ፀሐይ ይሞቃል። «ውሻ ውሻ፣ ድመቷን አባርርልኝ። ድመት ማራገቢያ አልቧጭርም አለች፤ ማራገቢያ እሳት አላራግብም አለ፤ እሳት ቦግ አልልም አለ፤ ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«አላባርርም» አለ ውሻው። «እኔና ድመቷ ያንን ወጥ አብረን በላን፣ አብረን ታመምን፣ አብረን ሣር ስንግጥ አደርን። እንዲህ ያለ ነገር ዘመድ ያደርጋል። አንቺ ዘመድሽን ታባርሪያለሽ?»

«ኧረ አላባርርም» አለች ደብሪቱ። ዓይን አፋር ስለሆነች ክርክር አትችልም።

ጎረቤታቸው ያሉ ሽማግሌ ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ረስተውት ነበር። ያ ዱላ ሽምግልና ሲውል ሲውል ራሱም ሽማግሌ ሆኖ አንቱ ይባላል። ደብሪቱ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «አባ ዱላ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ውሻውን ይምቱልኝ» አለች። «ውሻ ድመት አላባርርም አለ፤ ድመት ማራገቢያ አልቧጭርም አለች፤ ማራገቢያ እሳት አላራግብም አለ፤ እሳት ቦግ አልልም አለ፤ ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«አልመታም፣ ልጄ» አሉ ዱላው። «እኔ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው፣ ከውሻ ጋር ተደባደበ ልባል? ይልቅ ከፈለግሽ ውሻውንና ድመቷን ቁጭ አድርጌ ላስታርቅልሽ።»

«እነሱማ ታርቀዋል» አለች ደብሪቱ። «ችግሩ እሱ ነው።»

አጥሩ ግርጌ አንድ ምስጥ አለ። «ምስጥ ምስጥ፣ ዱላውን ብላልኝ። ዱላ ውሻ አልመታም አሉ፤ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፤ ድመት ማራገቢያ አልቧጭርም አለች፤ ማራገቢያ እሳት አላራግብም አለ፤ እሳት ቦግ አልልም አለ፤ ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«አልበላም» አለ ምስጡ። «ዛሬ አርብ አይደል እንዴ? ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጨት በአፌ አይዞርም።»

«ትንሽ ብቻ ቀምሰህ ብትተወውስ?»

«ልታስገድፊኝ ነው?» አለ ምስጡና ወደ ጉድጓዱ ፊቱን አዞረ።

ደብሪቱ ልታለቅስ ደረሰች። ከቤቱ ጓሮ ግን ዶሮዋ ጭድ ላይ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። «እማማ ዶሮ፣ እባክሽ ምስጡን ልቀሚልኝ» አለቻት በአንድ ትንፋሽ። «ምስጥ ዱላ አልበላም አለ፤ ዱላ ውሻ አልመታም አሉ፤ ውሻ ድመት አላባርርም አለ፤ ድመት ማራገቢያ አልቧጭርም አለች፤ ማራገቢያ እሳት አላራግብም አለ፤ እሳት ቦግ አልልም አለ፤ ሽንኩርት አልበስልም አለ፤ አባባም ድገሚኝ አይሉኝም።»

«አንቺ፣ ትንፋሽ ውሰጂ» አለች ዶሮዋ። «ምስጥስ ደስ ይለኛል። ግን ብነሳ እንቁላሎቼን ማን ያሙቅልኛል?»

ደብሪቱ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ማንም የለም። «እኔ» አለች በቀስታ።

ዶሮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ታቅፈሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። በርጩማ ላይ ግን እቀመጣለሁ።»

«እንግዲህ በርጩማው ይሰበራል፣ ይሄ ደግሞ የባሰ ይሰበራል። ክብደትሽን እግርሽ ይሸከመው፤ ቀሚስሽ ብቻ ይንካቸው። ዝም ካልሻቸው ይፈራሉ፤ ቅ ቅ እያልሽ አጫውቻቸው።»

ደብሪቱ ቀሚሷን ሰብስባ ታቀፈች። ሰው እንዳይሰማት በጣም ቀስ ብላ «ቅ ቅ» አለች። ይሄኔ አጥናፉ በጓሮ በኩል ብቅ አይል መሰላችሁ።

«ደብሬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ታቅፌ ነው።»

«ምሳውስ?»

«እሱን እኮ ነው እየሠራሁ ያለሁት።»

አጥናፉ ጭንቅላቱን ይዞ በመጣበት ተመለሰ።

ዶሮዋ ምንቃሯን ድንጋይ ላይ ስላ ወደ ምስጡ ሄደች። ምስጡ ዶሮዋን አየና «ኧረ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል፣ ጾሜን ልፍታ» ብሎ ወደ ዱላው ሮጠ። ዱላው ምስጡን አዩና «ኧረ ሽምግልናው ይደርሳል» ብለው ወደ ውሻው ዘለሉ። ውሻው ዱላውን አየና «ዝምድናው ቢቀርስ» ብሎ ድመቷን አባረረ። ድመቷ እየሸሸች ጓዳ ገብታ ማራገቢያው ላይ ተንጠለጠለች። ማራገቢያው ከሚስማሩ ወርዶ እሳቱን ሊያራግብ ተነሳ። እሳቱም ቦግ ሊል ትንፋሹን ሳበ።

«ተው» አለ ከክዳኑ ሥር አንድ ድምፅ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። ዶሮዋ በሩጫ ተመልሳ፣ «ተነሽ፣ ጓዳሽ ገበያ ሆኗል» ብላ ጭዷ ላይ ተቀመጠች። ደብሪቱ ሮጣ ስትገባ ውሻው፣ ድመቷ፣ ማራገቢያው፣ ዱላውና ምስጡ ድስቱን ከበው ቆመዋል። ክዳኑን አነሳች። ሽንኩርቱ ለስልሶ፣ ወዙ ወጥቶ፣ ማር መስሎ ተኝቷል።

«በስለሃል እንዴ?» አለችው።

«ቅድም፣ አንቺ ዶሮዋ ጋ ስትደርሺ። ይሄ እሳት ቦግ ቢል ኖሮ አርሬልሽ ነበር።»

«አልበስልም አላልከኝም?»

«ቆመሽ እያየሽኝ አልበስልም ነው ያልኩሽ። ሰው ሲያፈጥብኝ አልችልም። እሳቱ ሞቅ ብሎ ተቀመጠ፣ አንቺ ከድነሽኝ ሄድሽ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ይሄ ነገር ደብሪቱን በደንብ ገባት። እሷም ሰው እያያት እንኳን ወጥ መሥራት፣ ውሃ መጠጣት ይቸግራታል። ስለዚህ ወደ ተሰበሰቡት ዞረችና፣ «ማናችሁም አትዩ» አለች።

ውሻው ወደ ግድግዳው ዞረ። ድመቷ ዞረች። ዱላውም «ደግ ነው፣ ልጄ» ብለው ዞሩ። ምስጡ የትኛው ፊቱ እንደሆነ ስለማይታወቅ እንዲሁ ተወችው። ደብሪቱ ዘይቱን ጠብ አደረገች፣ በርበሬውን ጨመረች፣ ሲይዝባት ውሃ ጠብ እያደረገች አቁላላች። ከዚያ ውሃውን አፈላችና ሽሮውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰች አማሰለች። ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ጣል አደረገች። ሽሮው ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር ውሻው ሊዞር ፈለገ፤ ዱላው ግን «ነውር ነው» ብለው ከለከሉት።

አባቷ መጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ጸለዩ፣ ጎረሱ። አንዴ ጎረሱ። ሁለቴ ጎረሱ። ደብሪቱ ከበሩ ኋላ ቆማ «ተመስገን፣ ጠገብኩ» እስኪሉ ጠበቀች። አላሉም። አጥናፉም ስለ ግድግዳ ምንም አላለም፤ አፉ ሞልቶ ነበር። ሳህኑ ባዶ ሆነ። አባቷ ሳህኑን አዩት፣ በሩንም አዩት።

«ልጄ» አሉ። «ድገሚኝ።»

ደብሪቱ ወደ ጓዳ በረረች። ጓዳው ውስጥ ግን ውሻውና ድመቷ አፋቸውን እየላሱ ነው፤ ምስጡም ጢሙ ቀልቷል። ዱላው ብቻ አልበሉም፤ ግን ደግሞ አላስጣሉም። ድስቱን ይዛ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

«አባባ፣ አልቋል። ያለው ድስቱ ላይ የተጣበቀው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ድስቱን ስጪኝ።»

ድስቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ እንጀራ ቆረሱና እንደ ልጅ ጎንበስ ብለው ይጠርጉት ጀመር። አጥናፉ «አባባ፣ ለኔም ይተዉልኝ እንጂ» ቢላቸው አልሰሙትም። ጭንቅላታቸው ገብቶ ሪዛቸው አይታይም ነበር። ከድስቱ ውስጥ ድምፃቸው እንደ ከበሮ እያስተጋባ፣ «ፋናዬ ጋ ልትልኩ ብላችሁ እንዳትደክሙ» አሉ። «ጓዳው ሰው አለው።»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ድስቱን አባባ ጠርገውታል፤ እናንተ ክዳኑን እጠቡልኝ።