ጉሊት የሚሸምት ጨዋ ሰው

በአንድ ሰፈር ምላሷ የሰላ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ አትክልቷን የምትሸምተው መንገድ ዳር ከተቀመጡት የጉሊት ሴቶች ነው። የወረዳው ሹም አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊት በወንድማቸው ስም ባለመስታወት ሱፐርማርኬት ከፈቱ። ገበያተኛ ዝር ሳይል ቢቀር ነዋሪውን አዳራሽ ሰበሰቡት።

«ጉሊት የምትሸምቱት ንጽሕና ስለማታውቁ ነው!» ብለው ጮኹ። «ቲማቲሙ በማቀዝቀዣ ውስጥ በክብር ተቀምጦላችሁ አቧራ የጠገበውን ትመርጣላችሁ። አንድ ጨዋ ሰው እዚያ ሲገዛ ያየ ካለ ይነሣ! ከሌለ ጉሊቱ ነገ ይነሣል!»

የጉሊት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ልብስ አጣቢዋ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እኔ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። እንዲያውም አቤቱታ አለኝ። ባለቤትዎ ወይዘሮ የሻረግ ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ይመጡና ደህና ደህናውን ቲማቲም ለቅመው ይወስዱብናል። እባክዎ ይምከሩልን። እሳቸው ከማቀዝቀዣው ይግዙና ንጽሕና ለማናውቀው ለእኛ ከጉሊቱ ትንሽ ይትረፈን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጉሊቱም በማግስቱ ማንም ሳይነካው እንደ ወትሮው ዋለ።